አንድ ኪሎ ገብስ፣ ስድስት ኪሎ ጭቅጭቅ

እንግዲህ ስሙኝ። በዚህ ዕድሜዬ የዶሮ ሎሌ ሆኛለሁ። ጌዴኦ፣ ዱመርሶ ውስጥ የራሱን ቁርስ ሳይቀምስ የዶሮ ቁርስ ውሃ የሚያጠጣ ሽማግሌ አለ ሲባል ከሰማችሁ ሌላ ሰው እንዳትጠረጥሩ፤ እኔው ነኝ። ዶሮዎቹን አላልኩም፤ ቁርሳቸውን ነው የማጠጣው። ዶሮ ማጠጣትማ ከአባት የመጣ ወግ ነው። ዶሮ የምትበላውን እህል በቀን አራት ጊዜ ውሃ ማርከፍከፍ፣ ሲመሽ «ረጥቧል ወይስ ደርቋል?» ብሎ መዳሰስ፣ ሌሊት ተነሥቶ ባትሪ እያበሩ ማየት ግን ከየትኛው አባቴ የወረስኩት እንደሆነ የሚነግረኝ ካለ ይምጣ።

ጓዳ ነበረችኝ። ቀዝቃዛ ናት፣ ፀሐይ አትደርስባትም፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ጋደም ለማለት ከእርሷ የተሻለ ቦታ በሰፈሩ አልነበረም። አንድ ቀን የልጄ ልጅ በሯ ላይ ቆሞ ግድግዳዋን አየ፣ ጣሪያዋን አየ፣ ወለሏን አየ፤ «አባባ፣ ይቺ ክፍል እኮ ለገብስ የተሠራች ናት» አለኝ። ለእኔ የተሠራች ይመስለኝ ነበር፤ ጭቃውን ያቦካሁት፣ ግድግዳውን የመረግሁት እኔ ስለሆንኩ። ዛሬ እኔ ሳሎን በር አጠገብ ነፋስ እየገረፈኝ አድራለሁ፤ ገብሱ ጓዳ ተኝቷል።

የነገሩ መነሻ ዶሮዎቹ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ እንቁላልና ዶሮ፣ ወተትና ማር ከሬዲዮ ወርደው አያውቁም። የልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፣ ማመልከቻ አስገብቷል፣ ደብዳቤ ጠብቋል፤ መጠበቁ ሲሰለቸው «በዶሮ እንጀምር» አለ። በቤቱ ውስጥ ሥራ ፈት ተብሎ የተቆጠረው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አልተነገረም። የ45 ቀን ቄቦች በካርቶን መጡ። ዝርያቸው ሳሶ ነው ተባለ፤ ከፈረንሳይ የመጣ፣ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆን። የሐበሻዋ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብትጥል ነው፤ እነዚህ ከእርሷ እጅግ ይበልጣሉ። ይበልጣሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ያቺ የሐበሻዋ ምሳዋን ራሷ ፈልጋ ነበር የምትበላው። አንድም ቀን «ምሳ ደረሰ ወይ?» ብላ በሬን አንኳኩታ አታውቅም።

ታዲያ ለምን አትለቋቸውም ትሉኝ ይሆናል። የት ልልቀቃቸው? ጌዴኦ ከአገሪቱ ገጠሮች ሰው ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። የአያቴ መሬት ለአባቴና ለወንድሞቹ፣ የአባቴ ለእኔና ለወንድሞቼ እየተሸነሸነ መጥቶ እኔ ጋ ሲደርስ የዛፉ ጥላ ከመሬቱ ሰፍቷል። በዚያችው ቁራሽ ላይ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከእነርሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ጎደሬ ተደራርበዋል። ዩኔስኮ ይህን አይቶ ነው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ተሰብስቦ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው። ደስ ብሎናል፤ እልል ብለናል። መዝጋቢዎቹ ግን በዚህ ሁሉ ቅርስ መሀል ዶሮ የምትጭርበት አንድ ክንድ ባዶ መሬት እንደሌለ መመዝገቡን ረሱት።

ቄቦቹ በተለቀቁ ማግስት የጎረቤቴን የቡና ችግኝ ሥሩን ለፀሐይ አሰጡት። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ የእኛዎቹ ጭረው ጭረው ያወጡት ሶንጎ፣ የሽማግሌዎቻችንን ሸንጎ ነው። ስንቱን የድንበርና የጋብቻ ነገር ዛፍ ሥር ተቀምጬ የዳኘሁ ሰውዬ በዶሮ ጥፍር ተከስሼ ቀረብኩ። የሸንጎ ባልንጀሮቼ ሳቃቸውን በጋቢያቸው እየሸፈኑ ካሳ ፈረዱብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶሮዎቹ ታጥረዋል።

የታጠረ ዶሮ ደግሞ ቀላቢ ይፈልጋል። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ አሥር ዶሮ ያለው ሰው በየቀኑ ከኪሎ በላይ ይሰፍራል ማለት ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር ወይም የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ኖራ ድንጋይ፣ ጨው፤ የእኛ ቤት ጓዳ ይህን ሁሉ አሟልቶ አያውቅም። ከዶሮ እርባታ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶው መኖ ነው ይላል የልጄ ልጅ። የሚናገረውን ሁሉ እጠራጠራለሁ፤ ይቺን ግን ኪሴ መስክሮላታል። ጆንያ መኖ ልንገዛ ዲላ ወርደን ስንመለስ ዶሮዎቹ ካመጡት ገንዘብ ለሻይ የሚተርፍ አናገኝም ነበር።

ይኼኔ ነው ስልኩን ይዞ የመጣው። «አባባ፣ ሃይድሮፖኒክስ ይባላል። አፈር የሌለበት እርሻ ነው» አለኝ። አፈር የሌለበት እርሻ፣ በጌዴኦ! ለአጥር ብለህ የተከልከው የቆርች እንጨት በሁለተኛው ወር ቅጠል አውጥቶ በሚጠብቅህ አገር፣ ገብስ በላስቲክ ላይ ይብቀል ተባለ። ቪዲዮው ላይ አንድ የህንድ ሰው አረንጓዴ ምንጣፍ እየጠቀለለ ይስቃል። ምን እንደሚያስቀው ያኔውኑ ጠርጥሬአለሁ። የልጄ ልጅ ግን ዓይኑ በርቷል፤ «አንድ ኪሎ ገብስ በሰባት ቀን ስድስት ኪሎ መኖ ይሆናል!»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እሸት ቡና ማጠቢያ ነው። ቀይ ቡና ይገባል፣ ይመዘናል፣ ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ሁኔታ እስከ ሁለት ቀን ይብላላል፣ በቦይ ይታጠባል፣ ከዚያም አልጋ ላይ ተሰጥቶ እየተገላበጠ ሁለት ሳምንት ያህል ይደርቃል። ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ ቡና ገብቶ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣል። ገበሬው በየዓመቱ «አምስቱ የት ሄደ?» ይላል፤ እኛም በየዓመቱ «ገለፈቱና ውሃው ነው» እንለዋለን። ስድስት አንድ ሲሆን እያየሁ ነው ጠጉሬ የሸበተው። አንዱ ስድስት ሆነ የሚል ሰው ሲመጣብኝ ታዲያ ወይ ነቢይ ነው፣ ወይ ሚዛኑ ተበላሽቷል።

ማን ይስማኝ። ሥራው ተጀመረ። ትሪ መግዣ ስለሌለ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰለፉና በቢላዋ ለሁለት ለሁለት ተሰነጠቁ፤ ሥራቸው በጋለ ሚስማር ተበሳ። ሰባት ግማሽ ጀሪካን ያስፈልጋል፣ ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፤ በየቀኑ አንዱ ሲዘራ አንዱ ይታጨዳል። ከቀርከሃ መደርደሪያ ተሠራ፤ ውሃው ገብሱ ሥር ተኝቶ እንዳያሸተው ወደ አንድ ወገን ትንሽ ዘመም ተደርጎ ታሰረ። የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ባልዲ ከታች ተቀመጠ፤ እሱ ለጎመኑ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ አልከፋኝም። በማግስቱ የቧንቧ ፈረቃችን ደረሰና ውሃ ልቅዳ ብል ጀሪካን የለም! የቤቱ ጀሪካን ሁሉ ተሰንጥቆ የገብስ አልጋ ሆኗል። ውሃ የሚጠጣ ሥራ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የውሃ መቅጃውን ይሰነጥቃል? ከጎረቤት ጀሪካን ስለምን ዋልኩ፤ ያውም የቡና ችግኙ ከተጫረበት ጎረቤት።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ማድረጋችሁ ካልቀረ ከአዳናቂ ይልቅ ከተማራሪ ብትሰሙት ይሻላል። ገብሱ ከቡሌ ደጋ የወረደ ነው። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተለወሰ እህል ግን አይሆንም፤ ቀለም የተቀባ ካያችሁ ሽሹ፤ እሱ ለመሬት እንጂ ለሆድ አልተዘጋጀም። የተሰበረውም ይለቀም፤ አይበቅልም፣ ይበሰብሳል፣ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይበሰብሳል። ከታጠበ በኋላ የተንሳፈፈው ይጣላል። ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሚገባ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ይጠነፈፍና እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ሌላ አንድ ቀን ይቆያል። ነጭ ሥር ብቅ ሲል ትሪው ላይ ስስ ተደርጎ ይነጠፋል፤ ከጣት ውፍረት ከበለጠ መሀሉ ይታፈናል። ከዚያ በኋላ ሥራው ውሃ ነው፤ ጠዋት ውሃ፣ ቀን ውሃ፣ ማታ ውሃ። አረንጓዴው እየረዘመ፣ ሥሩ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ይሄድና በሰባተኛው ቀን ገደማ ከነሥሩ ተጠቅልሎ ይወጣል። ለላም ቢሆን ቢቆይም ችግር የለም፤ ዶሮ ግን ገለባ የሆነ ነገር አይፈጭላትም፤ ሳይጠነክር መቅደም ነው። አሁን ይህ ሁሉ ማዕረግ ለገብስ ይገባል? እንሰት ዓመታት ቆሞ ቤተሰብ ሲመግብ ማንም ጨርቅ አልብሶት አያውቅም።

የልጄ ልጅ በመጀመሪያ ያሰበው በእጅ ማጠጣት አልነበረም። ትንሽ ፓምፕ ይገዛል፣ ሰዓት ይገጠምለታል፣ በየጥቂት ሰዓቱ ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋል ተባለ። «አባባ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ታያለህ» አለኝ። ይቺን ቃል አልረሳትም። ፓምፑ ተገዛ፤ መብራት ጠፋ። መብራት መጣ፤ ውሃ ጠፋ። ሁለቱ በአንድ ቀን የተገናኙ ዕለት ፓምፑ ተቃጠለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓምፑም እኔ ነኝ፣ ሰዓቱም እኔ ነኝ። መሣሪያዬ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጨምቄ አርከፈክፋለሁ። መብራት ቢጠፋ አልጠፋም፤ ብቃጠልም የሚተካኝ አይገዛም። «አንተ እኮ ሌሊት እንቅልፍ የለህም» ይለኛል ደግሞ። እንቅልፍ ያጣሁት ለገብስ ተራ ልጠብቅ ይመስል!

ባለቤቴ ደግሞ የራሷን ጨመረችበት። ገብሱ ነጭ ሥር ያወጣ ዕለት ጓዳ ገብታ አየችና «ይሄማ ብቅል ነው» አለች። እውነቷን ነው። ገብሱን ነክረው፣ በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል አፍነው፣ ሥር ሲያወጣ አስጥተው ማድረቅን እናቶቻችን ከህንዱ ሰውዬ አልተማሩም። የእነርሱ ሥሩ ብቅ ሲል ይቆማል፣ ይሄኛው አረንጓዴ እስኪሆን ይለቀቃል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የእኔ መከራ ወዲህ ነው። ባለቤቴ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ጠላ ከቤታችን ወጥቷል። ጌሾው ተጣለ፣ ጋኑ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ሆነ፤ እኔም ለሰላም ስል ተስማምቼ ኖርኩ። ዛሬ ብቅሉ በቴክኖሎጂ ስም በጓዳ በር ተመልሶ ገባ፤ ጠላው ግን አልገባም! ሰባት ትሪ ብቅል አጠገቡ ተደርድሮ ውሃ እየጠጣ የሚያድር አባወራ እዚህ አገር ከእኔ ሌላ ካለ አስተዋውቁኝ። «ከአንዷ ትሪ ጥቂት ብናስቀርስ?» ብዬ ሞከርኩ። ባለቤቴ መልስ እንኳ አልሰጠችኝም፤ ዶሮዎቹን ዞራ አየቻቸው፤ እነርሱ ይሻሉኛል ማለቷ ነው።

ሻጋታው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ በልግም ክረምትም አይምረንም፤ ጓዳዋ ደግሞ ርጥበት ታውቃለች። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍተው አፍንጫዬ ነገረኝ። ቡና አልጋ ላይ ወፍሮ ከተሰጣና ሳይገላበጥ ከዋለ ዓይን ሳያየው አፍንጫ ያውቀዋል፤ እኔ በዚያ ሽታ የቀን ሠራተኛ ተቆጥቼ፣ ሸራ አስገልጬ፣ ቡና አስለቅሜ ኖሬአለሁ። «ሦስተኛዋ ትሪ ታማለች» አልኩት። የልጄ ልጅ ስልኩን አየና «አባባ፣ እሱ ሻጋታ አይደለም፤ ሥር ሲያወጣ ነጭ ፀጉር አለው» አለኝ። ሥር ፀጉር እንዳለው ለእኔ! «እሺ፣ ውሃ አርከፍክፍበት» አልኩት። የሥር ፀጉር ውሃ ሲነካው ተኝቶ ከዓይን ይሰወራል፤ ሻጋታ ግን እህሉን አቅፎ ይቀራል፣ ይሸታልም። አርከፈከፈ። ሦስተኛዋ ትሪ አልተኛችም። ለዶሮዎቹ ሳይደርስ ከነምንጣፏ ጉድጓድ ገባች፤ ሻጋታ ዶሮን ሳንባዋን ይይዛታል፣ መርዙም ጉበቷን ይበላዋል። ትሪው በበረኪና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ገብሱ ስስ ተደረገ፣ ለጓዳዋ ከላይ የአየር መውጫ ተበጀላት። እኔ በተኛሁባት ዘመን ሙሉ «ይቺ ጓዳ ታፍናለች» ስል መስኮት ያበጀልኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ስድስቱ ኪሎ ልመለስ፤ ያቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ስትንጫጫ ከርማለች። የልጄ ልጅ አንዷን ምንጣፍ ጠቅልሎ ሚዛን ላይ አወጣና ስድስት ኪሎ ልትሞላ ምንም እንዳልቀራት አሳየኝ። «አየህ አባባ!» አለኝ። አየሁ። ምንም አልተናገርኩም። ምንጣፏን ተቀበልኩትና ጀንፈል ቡና የምናሰጣባት አልጋ ላይ ዘረጋኋት። በታተንኳት፣ በፀሐይ አገላበጥኳት፣ ማታ ሸፈንኳት፤ ለቡና የማደርገውን ሁሉ አደረግሁላት። ቡና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ካልወረደ ወደ ውጭ አገር አይላክም፤ በእርጥብ ቡና ኪሎ ሊያታልል የሞከረ ነጋዴ ስንት አይተናል። ሲደርቅ ጠራሁትና «በል መዝን» አልኩት። ኪሎ አልሞላችም።

ልጁ ዝም አለ። ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ገብስ ውስጥ ውሃ ያልሆነው 900 ግራም ያህል ነው። የበቀለው ምንጣፍ ሲመዘን ከመቶው ሰማንያ አምስት ያህሉ ውሃ ነው፤ ቀሪው ቢሰላ ከመጀመሪያው እህል ጥቂት ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ምክንያቱም ቡቃያው በዚያች ሳምንት ሲያድግ የሚበላው የገብሱን የራሱን ስታርች ነው፤ አፈር የለው፣ ማዳበሪያ የለው፣ ከየት ያምጣ? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚባለው ይኸው ነው። እኔ ከቧንቧ ቀድቼ፣ ተሸክሜ፣ በሃይላንድ አርከፍክፌ ያስገባሁት ውሃ ሚዛን ላይ ወጥቶ መኖ ተባለ። ዶሮዋማ ውሃዋን ከገንዳዋ ትጠጣ ነበር፤ ለምን በገብስ ውስጥ አዙሬ አጠጣታለሁ?

የዛሬ ልጅ ግን አፉ አይዘጋም። ጥቂት አሰበና «አባባ፣ ኪሎውን ተወው። አስኳሉንስ?» አለኝ። እዚህ ላይ የሚለው ነገር አለው፤ ስለ እውነት ካልኩ። ገብስ ሲበቅል በጥሬው ያልነበረው ነገር ይገባበታል፤ አረንጓዴው የአስኳል ማቅለሚያ አለው፣ ቫይታሚኑ ይጨምራል፣ በጥሬው ታስሮ የነበረውም ማዕድን ይፈታል። ገበያችንን ደግሞ ታውቃላችሁ። ገዢ እንቁላል ሲያነሣ «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» ሳይል አይገዛም፤ አስኳሉ ነጣ ያለውን የፈረንጅ ብሎ ዋጋ ይጥላል፣ ቢጫውን የሐበሻ ብሎ ይጨምራል። የታጠሩት የእኛ ሳሶዎች በጆንያ መኖ ብቻ ሳሉ አስኳላቸው የገረጣ ነበር። ቡቃያው ከተጨመረላቸው ወዲህ ደህና ቢጫ ሆኗል። ዲላ ላይ አንዲት ሴት ሰብራ አይታ «ይሄስ የለቀቃችኋት ዶሮ ነው» ብላ ገዛች። የልጄ ልጅ ዝም አለ። እኔ በሶንጎ የኖርኩ ሰው ነኝና የታጠሩ ናቸው፣ ግን ቅጠል ይበላሉ ብዬ ነገርኳት። ገንዘቤን መልሱ አላለችም፤ እንቁላሉንም አልመለሰችም።

ስለዚህ ስድስት ኪሎ መኖ አትበል፣ የአስኳል ቅጠል በል ብዬዋለሁ። ቡቃያው ለዶሮዋ ጎመኗ ነው፤ እንጀራዋ አይደለም። ቡቃያውን አምኖ የጆንያውን መኖ የተወ ሰው የሚሰበስበው ቀጭን ዶሮና ልፍስፍስ ቅርፊት ነው፤ ገብስ ኖራ አይወልድምና ለቅርፊቱ ኖራ ድንጋይ ወይም ተወቅጦ የተነፋ የእንቁላል ቅርፊት ያስፈልጋል። ፈንግል የተባለውን የዶሮ በሽታ ደግሞ ቡቃያ አያቆመውም። ፈንግል የገባበት ቤት ሰባት ትሪ ገብስ አብቅሎ የሚበላለት ዶሮ ያጣል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ጊዜውን ጠብቆ ማስከተብ ነው። ጎመን ካላችሁ የውጭ ቅጠሉን ስጧቸው፤ እኛም ዝናብ ሲኖር እሱን እንሰጣለን። የገብሱ ጥቅም ጎላ የሚለው በጋ ላይ፣ ጎመኑ ሲጠወልግ ነው። ይህን ለመናገር ስልክ አያስፈልግም፤ ጓሮ ወጥቶ ማየት ይበቃል።

የልጄ ልጅ ግን ደብተር አለው። በደብተሩ ላይ የገብሱ ዋጋ ተጽፏል፣ በረኪናው ተጽፏል፣ ሚስማሩ ተጽፏል፣ የተቃጠለው ፓምፕ በቀይ ተጽፏል፣ ክትባቱ ተጽፏል፣ ለጎረቤት የተከፈለው ካሳ እንኳ «ልዩ ልዩ» በሚል ተጽፏል። ከታች ደምሮ «አባባ፣ እያተረፍን ነው!» ብሎ አሳየኝ። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ውሃ ቀጂ የለም። አርከፍካፊ የለም። የሌሊት ተረኛ የለም። ሻጋታ አሽታች የለም። ጓዳ አከራይም የለም።

«እኔ የታለሁ?» አልኩት።

«አንተማ ቤተሰብ ነህ» አለኝ።

ቡና ማጠቢያ ሳለሁ አልጋ ላይ ቡና የምትለቅም ሴት በቀን ገብታ በቀን ትጻፋለች፤ ጥበቃው ይጻፋል፣ ቦይ የሚጠርገው ይጻፋል። ቤተሰብ ነሽ ተብላ የቀረች አላውቅም። «የእኔን የቀን ሒሳብ አስገባና ደግመህ ደምር» አልኩት። አስገባ። ደመረ። ፊቱ ተለወጠ። ዶሮዎቹ ከሰሩ። ይኸው ነው እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነጫነጭበት የኖርኩት ነገር! ሚዛኑ ላይ የማይገባው ውሃ ወጥቶ ተቆጠረ፤ ደብተሩ ላይ የሚገባው ሽማግሌ ሳይቆጠር ቀረ። በዚህ ቤት ርካሹ መኖ ገብሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ልጁ ምክር አይጠላምና «ታዲያ ምን ይሻላል አባባ?» አለ። ነገር የሚያልቀው በሽምግልና ነው፤ ተደራደርን። ደመወዝ የለም፤ ዶሮዎቹ አይችሉትም፣ ይህን ደብተሩ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በየጠዋቱ ሁለት እንቁላል፣ ከሽያጩ በፊት፣ ከእኔ እጅ ይገባል። ማታ ማታ የሚያጠጣው እሱ ነው። ለበዓል አንድ አውራ ዶሮ በእኔ ምርጫ ይታረዳል። ጓዳዋ በበጋ የገብሱ፣ በክረምት የእኔ ናት። ይህ ሁሉ በዚያው ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ሰፍሮ ሁለታችንም ፈርመናል፤ ባለቤቴም ምስክር ሆና ጣቷን አሳርፋበታለች። እንቁላሎቹን ሰብሬ ነው የምቀበለው፤ አስኳሉ ቢጫ ካልሆነ መልሼ እሰጠዋለሁ፣ የዚያን ቀን ውሃም ራሱ ያጠጣ።